ለጠፋ ፓስዎርድ ፍለጋ ራም ልጨምር ወይስ ካርድ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከተማውን ለቀን ስንወጣ የአስራ አንድ ዓመት የሰርግና የቤተሰብ ፎቶ በሰቨን ዚፕ ጠቅልዬ ፓስዎርድ አደረግኩበት። አንዱን ኮፒ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዤ ወጣሁ። ሌላውን ኮምቦልቻ እህቴ ጋ አስቀመጥኩ። ስመለስ የስቱዲዮው ኮምፒውተሮች የሉም። ፓስዎርዱም ከጭንቅላቴ ወጥቷል። የሱቄ ስም፣ ዓመተ ምህረትና አንድ ምልክት እንዳለበት ትዝ ይለኛል፤ አጻጻፉ ግን ጠፋኝ። ፋይሉን ገና ስነካው ፓስዎርድ ይጠይቃል፣ የፎቶዎቹን ስም እንኳ አያሳይም። ኮምፒውተሬ ኮር አይ 5 10400 ነው፤ አንድ ባለ 16 ጊጋ ራምና ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ አለው። ቁልፍ የሚፈልጉ ሰዎች 64 ጊጋና ከዚያ በላይ ራም ሲጠቀሙ አይቻለሁ። እኔም 64 ላድርሰው? ወይስ አርቲኤክስ 3060 ልግዛ? ኦቨርክሎክ ባደርገውስ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሰው ሰርግ፣ ምናልባትም ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ፊት ያለበት ፋይል ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልስልሃለሁ።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ራሙን አትግዛ። ካርዱንም ገና አትግዛ። ኦቨርክሎክ፣ ማለትም ካርዱን ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ ማስኬድ፣ ግን በጭራሽ አታድርግ። ምክንያቱን ካላወቅክ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ዕቃ ያስገዛሃልና ከሥሩ እንየው።

ሰቨን ዚፕ ፎቶዎቹን የቆለፈው ኤኢኤስ በሚባለው ባለ 256 ቢት የመቆለፊያ ስልት ነው። ያንን ቁልፍ ራሱን በጉልበት መፈለግ አይታሰብም። በ1998 እ.ኤ.አ. ዲኢኤስ የሚባለውን ባለ 56 ቢት ቁልፍ ለመስበር በተለይ የተሠራ ማሽን ነበር። በሰከንድ 90 ቢሊዮን ያህል ቁልፍ እየሞከረ 56 ሰዓት ፈጀበት። በ1999 ደግሞ ያው ማሽን በኢንተርኔት ከተሳሰሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ጋር ተባብሮ በ22 ሰዓት ከሩብ ጨረሰው። ከ56 ቢት በኋላ ግን እያንዳንዷ የተጨመረች ቢት ሥራውን እጥፍ ታደርገዋለች። 256 ላይ ስትደርስ የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ ተሰብስቦ ምንም አያደርግም።

ስለዚህ እኛ የምንፈልገው ቁልፉን አይደለም፤ ቁልፉ የተሠራበትን ፓስዎርድ ነው። ሰቨን ዚፕም ይህን ስለሚያውቅ መንገዱን ሆን ብሎ አዝግሞታል። እንዴት እንደሆነ ጠጋ ብለን እንየው፤ የራም ጥያቄህ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፓስዎርድህ 12 ቁምፊ ነው እንበል። ሰቨን ዚፕ እያንዳንዱን ቁምፊ በሁለት ባይት ይጽፈዋል፤ 24 ባይት ሆነ። ከኋላው 8 ባይት የሆነ ቆጣሪ ይቀጥልበታል፤ 32 ባይት። ይህንን 524,288 ጊዜ እየደጋገመ፣ ቆጣሪውን በየዙሩ በአንድ እየጨመረ፣ ኤስኤችኤ 256 በሚባለው የሃሽ ስሌት ውስጥ ያሳልፈዋል። ድምሩ 16 ሜጋባይት ነው። አንድ ፓስዎርድ ለመሞከር ብቻ 16 ሜጋባይት ዳታ በስሌቱ ወፍጮ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ዳታ ግን የትም አይከማችም። ወፍጮው በአንድ ጊዜ የሚይዘው 64 ባይት ነው። እሱን ይፈጫል፣ ውጤቱን በ32 ባይት ይይዛል፣ ቀጣዩን 64 ያስገባል። መሃል ላይ የሚዘረጋው የሥራ ሰንጠረዥ 256 ባይት ነው። ሁሉም ቢደመር ግማሽ ኪሎባይት አይሞላም። ይህ ግራፊክስ ካርዱ እምብርት ውስጥ ይቀመጣል፤ ወደ ካርዱ ሜሞሪ እንኳ መውጣት አያስፈልገውም። ወደ ማዘርቦርዱ ራምማ ጨርሶ አይመጣም። 16 ጊጋም ሆነ 64 ጊጋ ብታደርገው በሰከንድ የምትሞክረው ቁጥር ያው ነው።

ታዲያ እነዚያ ሰዎች 64 ጊጋ ራም ለምን ፈለጉ? አልተሳሳቱም። የፈለጉት ሌላ ዓይነት ቁልፍ ነው። የቢትኮይን ቁልፍን የመሰለ፣ በኤሊፕቲክ ከርቭ ሂሳብ የተሠራና የአደባባይ ጎኑ የሚታወቅ ቁልፍ ሲሆን ሂሳቡ ውስጡ ቅርጽ አለው። ዳንኤል ሻንክስ የሚባል የሂሳብ ሊቅ የዘየደው አንድ መላ አለ። የቁልፉን ቢት ግማሽ የሚሸፍን ሰንጠረዥ አስልተህ ሜሞሪ ውስጥ ትዘረጋለህ። ከዚያ በትልልቅ እርምጃ እየዘለልክ ሰንጠረዡ ላይ የምትወድቅበትን ቦታ ትፈልጋለህ። 64 ቢት የሆነ ፍለጋ በ32 ቢት እርምጃ ያልቃል። ዋጋው ሜሞሪ ነው። ለእያንዳንዱ መስመር 8 ባይት ብትይዝ ሰንጠረዡ ብቻውን 32 ጊጋ ይበላል። እዚያ ራም ማለት ፍጥነት ነው። ኤስኤችኤ 256 ላይ ግን እንዲህ ዓይነት አቋራጭ የለም። ከአንዱ ሙከራ ወደ ሌላው የሚያሻግር ድልድይ የለውም። ሁሉንም አንድ በአንድ መፍጨት ነው።

ራም የሚጠይቅ ሌላም ዓይነት አለ። ኮሊን ፐርሲቫል በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስክሪፕት የሚባል ስልት አለ፤ በ2015 የፓስዎርድ ሃሽ ውድድርን ያሸነፈው አርጎን 2ም አለ። ሁለቱም የተሠሩት ግራፊክስ ካርድን ለማድከም ነው። ለምሳሌ እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ የሆነው የኢተሪየም ብዙ ዋሌት ፋይሎች አንድ ፓስዎርድ ሲሞከር 256 ሜጋባይት ሜሞሪ ይጠይቃሉ። ያንተ ካርድ 6 ጊጋ አለው፤ በአንድ ጊዜ ከ20 ጥቂት በላይ ሙከራ ብቻ ነው የሚይዘው። 1,408 ኮር ካለው ካርድ አብዛኛው ቁጭ ብሎ ያያል። ሥራውን በፕሮሰሰሩ ላይ ብታደርገው ደግሞ ችግሩ የራሙ መጠን ሳይሆን የመንገዱ ስፋት ነው። እያንዳንዱ ሙከራ 256 ሜጋባይት ይጽፋል፣ ያንኑ ያህል ያነብባል። ያንተ አንድ ራም በ2666 ፍጥነት በሰከንድ ቢበዛ 21 ጊጋባይት ያሳልፋል። በወረቀት ስታሰላው በሰከንድ ከ40 ሙከራ አይዘልም። ሁለት ራም በሁለት ቻናል ብትሰካ መንገዱ እጥፍ ይሆንና ወደ 80 ይጠጋል። እንግዲህ ፋይልህ እንዲህ ዓይነት ቢሆን ኖሮ መልሴ "ሁለተኛ ራም ጨምር፣ መጠኑ ግን አያስጨንቅህ" ይሆን ነበር። ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ፋይሉ በምን ስልት እንደተቆለፈ ማወቅ ያለብህ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ካርዱ። አርቲኤክስ 3060 ካርቶኑ ላይ 3,584 ኮር ይላል። ያንተ 1,408። ሰው ይህን አይቶ "ሁለት እጥፍ ተኩል ይፈጥናል" ይላል። ለጌም ሌላ ነገር ነው። ኤስኤችኤ 256 ግን ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚደምር፣ የሚያዞር፣ የሚያገላብጥ ስሌት ነው። በ3060 ትውልድ ካርዶች ውስጥ ሙሉ ቁጥር መሥራት የሚችለው ከኮሮቹ ግማሹ ነው፤ 1,792። ያንተ ካርድ ግን 1,408ቱም ለሙሉ ቁጥር ይሠራሉ። የሁለቱ ክሎክም፣ ማለትም የሥራ ፍጥነታቸው፣ ተቀራራቢ ነው። በስሌት ልዩነቱ ከአንድ ከሩብ እጥፍ ብዙ አይርቅም። ለዚያ ብለህ ካርድ መግዛት፣ ከዚያም 170 ዋት ለሚበላው ካርድ ፓወር ሰፕላይ መቀየር አይመከርም። ገንዘብህን ያዝ።

ዋናው ሂሳብ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ለስሌት እንዲመቸን ካርድህ በሰከንድ 10,000 ፓስዎርድ ይሞክራል እንበል። ትክክለኛውን ቁጥር ሃሽካት የሚባለው ፓስዎርድ መሞከሪያ ፕሮግራም በራስህ ፋይል ላይ ሲሠራ ታየዋለህ። ኪቦርድ ላይ ያሉት የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ሲደመሩ 95 ናቸው። 10 ቁምፊ የሆነ ፓስዎርድ ምንም ሳታስታውስ በደፈናው ብትፈልግ በዚህ ፍጥነት 190 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። አምስት እጥፍ የሚፈጥን ካርድ ብትገዛ 38 ሚሊዮን ዓመት። ልዩነት የለውም።

አንተ ግን የምታስታውሰው ነገር አለ። ይህ ከየትኛውም ካርድ ይበልጣል።

ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ ግመልህ ጠፋች እንበል። በየግመሉ ፊት ቆመህ "ያንቺ ጌታ እኔ ነኝ ወይ?" አትልም። ቀለሟን ታውቃለህ፣ ምልክቷን ታውቃለህ፣ የት በኩል እንዳሰርካት ትዝ ይልሃል። ፓስዎርድም እንደዚያ ነው የሚፈለገው።

የሱቅህን ስም በላቲን እንዴት ነው የምትጽፈው? አማርኛ ቃል ወደ ላቲን ሲዞር አጻጻፉ አንድ አይደለም። ደሴን ብቻ ብንወስድ፣ "ኤስ" አንድ ነው ወይስ ሁለት? መጨረሻዋ ላይ "አይ" አለች ወይስ የለችም? "ቀ" ያለበት ስም ከሆነ "ኪው" ነው ወይስ "ኬ"? "ጨ" እና "ጠ"ማ ሌላ ጣጣ ናቸው። የድሮ ደረሰኝህን፣ ፎቶ ላይ የምታሳርፈውን ማህተም፣ የከፈትከውን የኢሜል አድራሻ ሰብስብና የጻፍክባቸውን መንገዶች ሁሉ አውጣ። ሦስት ስሞች፣ ለእያንዳንዱ 60 አጻጻፍ ቢኖር 180 ነው። ሁሉም በትንሽ ፊደል፣ የመጀመሪያው ብቻ ትልቅ፣ ሁሉም ትልቅ ስትል 540 ሆነ።

ዓመተ ምህረቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው? በእኛ 2014 ነው፣ በፈረንጅ 2021። ሱቁን የከፈትክበት ዓመት ሊሆን ይችላል፤ የልጅህ ልደትም ሊሆን ይችላል። ከ1960 እስከ 2021 ያለውን ሁሉ ያዝ፤ ሁለቱንም አቆጣጠር ያካትታል። ባለ አራት አሃዝና ባለ ሁለት አሃዝ አድርገህ 124። ምልክቶቹ ባዶ ቦታን ጨምሮ 33 ናቸው፤ "ምንም ምልክት የለም" የሚለውን ስትጨምር 34። ቦታው መጨረሻ ወይም መሃል፤ 2። አባዛው፦ 4,553,280።

በሰከንድ 10,000 ሲሞከር ይህ ከስምንት ደቂቃ በታች ነው። ቡናው አቦል ሳይቀዳ ያልቃል። ካርዱ ባይኖርህ እንኳ ፕሮሰሰሩ ብቻውን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ከ190 ሚሊዮን ዓመት ወደ ስምንት ደቂቃ ያወረደህ ዕቃ አይደለም፤ የራስህ ትዝታ ነው።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር አድርግ። ያን ቀን በጻፍክበት ዓይነት ኪቦርድ ፊት ቁጭ በል። ላፕቶፕ ከነበረ ላፕቶፕ ይሁን። ዓይንህን ጨፍነህ ጣትህ ወዴት እንደሚሄድ ተከታተል። ጣት ጭንቅላት የረሳውን ያስታውሳል፤ ብዙ ሰው ላይ አይቼዋለሁ። የጻፍከውን ሁሉ ሳትመርጥ መዝግብ። ቡና አፍልተህ፣ እህትህንም ጠርተህ አድርገው። ያን ሰሞን ምን እንደምትል፣ ማንን እንደምትጠራ እሷ ልታስታውስ ትችላለች።

አንድ ልብ የምትለው ነገር ደግሞ አለ። ሰቨን ዚፕ "ፓስዎርዱን አሳይ" የሚለውን ካልነካህ በስተቀር ሁለት ጊዜ ያስጽፍሃል። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ አይቀበልም። ስለዚህ ጣትህ አንዴ ስታ የተሳሳተች ፊደል የመግባቷ ዕድል ትንሽ ነው። ሁለቱንም ጊዜ እኩል የሚያሳስት ነገር ግን አለ። ካፕስ ሎክ በርቶ ከነበረ ትልቁና ትንሹ ፊደል ተገልብጧል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከነበረ ደግሞ የገባው የአማርኛ ፊደል ነው፤ አንተ የምታየው ኮከብ ብቻ ስለሆነ አታውቀውም። እነዚህን ሁለቱን እንደ ተጨማሪ ዝርዝር ያዛቸው። የአማርኛ ፊደል በሌሎች ብዙ ፕሮግራሞች ሦስት ባይት ነው፣ በሰቨን ዚፕ ግን ሁለት። የምትጠቀምበት መሳሪያ ይህን በትክክል መለወጡን ሳታረጋግጥ አትመነው። እንዴት እንደምታረጋግጥ ወደ ታች እነግርሃለሁ።

አሁን ይህ ዝርዝር አልቆ ባይገኝስ? ዝርዝሩን ታሰፋለህ። ምልክቱ ሁለት ቢሆን ወደ 155 ሚሊዮን ይሆናል፤ አራት ሰዓት ከሩብ ያህል። ዓመተ ምህረት የመሰለህ ቁጥር የስልክህ መጨረሻ አራት አሃዝ ቢሆን፣ 124 የነበረው 10,000 ይሆናል። ድምሩ 12 ቢሊዮን ተኩል፤ ጊዜው 14 ቀን ተኩል። የማሽን አያያዝ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በስምንት ደቂቃና በ190 ሚሊዮን ዓመት መካከል ባለው በዚህ ጠባብ ቦታ። እዚህም ቢሆን ከፍጥነት የሚቀድም ነገር አለ።

ኦቨርክሎክ አታድርግ ያልኩህ ለዚህ ነው። ለአንድ ባለ 12 ቁምፊ ፓስዎርድ ኤስኤችኤ 256 ከ16 ሚሊዮን በላይ ዙር ይዞራል። በመሃል አንዲት ቢት ብትገለበጥ ውጤቱ ሙሉ በሙሉ ሌላ ይሆናል። ጌም ስትጫወት ካርዱ አንድ ነጥብ ቀለም ቢሳሳት ማንም አያይም። እዚህ ግን ስህተቱ የወደቀው ትክክለኛው ፓስዎርድ ላይ ከሆነ ማሽኑ "አይደለም" ብሎ ያልፈዋል። አይጮህም፣ አይቆምም፣ ቀይ ጽሑፍ አያወጣም። ወደ ኋላም አይመለስም። ሁለት ሳምንት ጠብቀህ "አልተገኘም" የሚል ብቻ ታያለህ። ከዚያ ፓስዎርዱ ሌላ መስሎህ ሌላ ሜዳ ትፈልጋለህ፤ እሱ ግን ካለፍከው ሜዳ ላይ ቀርቷል።

ይህ በእኔ ደርሷል። ለአንድ የወልድያ መምህር የጥናት ጽሑፋቸውን የያዘ ፋይል ስፈልግ የካርዱን ክሎክ ከፍ አድርጌ ነበር። ፍጥነቱ ስምንት በመቶ ያህል ጨመረ፤ ደስ አለኝ። 19 ቀን ሠራ፣ አልተገኘም። ደውዬ "አልሆነም" አልኳቸው። ድምፃቸው ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ነገሩ ስላልተዋጠልኝ ክሎኩን ወደነበረበት መልሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። በአምስተኛው ቀን ተገኘ፤ ያውም ያንኑ ዝርዝር እየሄደ። መጀመሪያ ጊዜ አልፎት ሄዶ ነበር ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ሥራ የማንንም ካርድ ከፋብሪካው ክሎክ በላይ አላስኬድም።

እንዲያውም ዝቅ አድርገው። ካርድህ 125 ዋት ነው። ከኤንቪዲያ ድራይቨር ጋር በሚመጣው መሳሪያ የኃይል ጣሪያውን ወደ 100 ዋት ብታወርደው ፍጥነቱ የሚቀንሰው ኃይሉ የቀነሰውን ያህል አይሆንም። ሙቀቱ ግን በደንብ ይወርዳል። የካርዱን ሜሞሪ ክሎክም ዝቅ ማድረግ ትችላለህ። ስሌቱ ሜሞሪ ስለማይነካ ለሰቨን ዚፕ ምንም አይጎድልብህም፤ ዋት ትቆጥባለህ። የማዘርቦርዱ ራም ላይ ደግሞ ኤክስኤምፒ የሚባለው የፍጥነት ማስተካከያ በርቶ ከሆነ አጥፋው። ከዚያ ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት የሚባል ፕሮግራም አንድ ሌሊት ሙሉ አስኪደው። አንዲት ስህተት ካወጣ በዚያ ራም ሥራ አትጀምር።

ምስክር አቁም። ይህን ነው አረጋግጥ ያልኩህ። አንድ ትንሽ ፎቶ ወስደህ በሰቨን ዚፕ፣ ስም መደበቂያው በርቶ፣ አንተ በምታውቀው ፓስዎርድ ቆልፈው። ፓስዎርዱ የምትፈልገውን የመሰለ ይሁን፤ የሱቅ ስም፣ ቁጥር፣ ምልክት። ዝርዝርህ ውስጥ መጨረሻ አካባቢ የሚገኝ አድርገው። ፍለጋውን መጀመሪያ በዚህ ፋይል ላይ አስኪድ። ካላገኘው መሳሪያህ ወይም ዝርዝርህ ጉድለት አለበት። የአማርኛውን ፊደልም እንዲሁ፤ በአማርኛ ኪቦርድ የተቆለፈ ሌላ ምስክር ሥራለት። የ14 ቀኑን ሥራ ደግሞ የአንድ የአንድ ቀን እያደረግክ ቁረጠው። በየቁራጩ መጀመሪያና መጨረሻ ምስክሩን አስፈልገው። መጨረሻ ላይ ምስክሩን ካጣው የዚያን ቀን ሥራ ጣለውና ድገመው። አንድ ቀን መድገም ሁለት ሳምንት ከማጣት ይሻላል።

ደሴ ላይ ስለምትሠራ ስለ አየሩ አንድ ነገር ልበል። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባህር ጠለል ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያነሳው አየር ቀላል ስለሆነ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ፋኑን ካርዱ ራሱ ከሚመርጠው ፍጥነት ከፍ አድርግለት። ደግነቱ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ያግዝሃል፤ ከባዱን ቁራጭ ሌሊት ላይ አድርገው። ካርዱ ከ75 ዲግሪ በታች ቢቆይ እመርጣለሁ። ሃሽካት ራሱ 90 ዲግሪ ሲደርስ ሥራውን ያቆማል፤ እዚያ ድረስ ግን አታድርሰው። ኮምቦልቻ እህትህ ጋ ወስደህ ልሥራው ብትል አልመክርህም፤ እዚያ ይሞቃል።

ማሽኑን ከመጀመርህ በፊት ክፈተውና ጥረገው። ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ክፍል ውስጥ የከረመ ኮምፒውተር ስከፍት አቧራው ከጭሱ ጋር ተጣብቆ የፋኑ ክንፍ ላይ እንደ ሱፍ ጨርቅ ሆኖ አገኘዋለሁ። ንፋስ ብቻ አያስለቅቀውም፤ በብሩሽ ነው የሚወጣው። ቴርማል ፔስቱም ከደረቀ ይቀየር።

መብራት ይጠፋል፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። ዩፒኤስ ካለህ አድርግለት፤ ረጅም ሰዓት እንዲይዝ ሳይሆን ሥርዓት ባለው መንገድ እስክታጠፋው ድረስ ይበቃል። ሃሽካት ላይ ለሥራው ስም ስጠው። የደረሰበትን በየጊዜው ስለሚመዘግብ በስሙ ጠርተህ ከቆመበት ታስቀጥለዋለህ። መብራት ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጁ ሊዘል ይችላል፤ ስለዚህ ማሽኑ በራሱ እንዳይነሳ ባዮሱ ላይ አጥፋው። ረጋ ሲል ራስህ አስነሳው። ፍጆታውን ካሰብክ፣ ሙሉ ማሽኑ 200 ዋት ቢበላ በቀን 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለ14 ቀን ተኩል 70 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። ካርድ ቆጣሪህን በዚያ ልክ አስሞላ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፋይሉ ራሱ ጤነኛ መሆኑን እወቅ። ሃርድ ዲስኩ ብዙ ተንከራቷል። ፋይሉ ውስጥ አንድ ቦታ ተበላሽቶ ከሆነ ትክክለኛውም ፓስዎርድ ላይከፍተው ይችላል። ዕድለኛ ነህ፣ ሁለት ኮፒ አለህ። የኮምቦልቻውን አምጣና የሁለቱንም የኤስኤችኤ 256 ድምር አውጣ። ሰቨን ዚፕ ራሱ ቀኝ ክሊክ ላይ ያወጣልሃል። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ተረጋጋ። ከተለያየ ሁለቱንም ሳትነካ ኮፒ አድርግና ፍለጋውን በሁለቱም ላይ አካሂድ። የፋይሉ ትልቅነት አያሳስብህ። ስሞቹን ስለደበቅክ ለማረጋገጫ የሚያስፈልገው መጨረሻው ላይ ያለው ትንሹ የስም ዝርዝር ብቻ ነው። ለፍለጋው የሚሆነውን ሃሽ የሚያወጣው ትንሽ ፕሮግራም እሱን ብቻ ነቅሎ ይሰጥሃል፤ ፎቶዎቹ ወደ ፍለጋው አይገቡም። ስለዚህ አንድ ሰው "ፋይሉን ላክልኝ፣ እኔ እፈልግልሃለሁ" ቢልህ ፎቶዎቹን አትስጠው። የደንበኞችህ ቤተሰብ ነው ያለው እዚያ ውስጥ።

የተገኘ ቀን መጀመሪያ ፓስዎርዱን በወረቀት ጻፈው፤ ካፕስ ሎክ በርቶ ከነበረም ያንን ጨምረህ። ከዚያ ሳትፈታው "ቴስት" የሚለውን አስነካው፤ ሁሉም ፎቶ ደህና መሆኑን ይነግርሃል። መፍታት ያለብህ ሌላ ዲስክ ላይ ነው፣ ዋናው ላይ አይደለም። ሁሉም ወጥቶ ከፍተህ እስክታያቸው ድረስ የኮምቦልቻውን ኮፒ እንዳትነካው።